የአባት ስም፦ ካይሮን ያነጋገረው ክስ እና ሦስቱ አባቶች

ክርክሩ የቆመው በአንድ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ችሎት ፊት አልቀረበም። የሃያ ሰባት ዓመቷ የካይሮ የአልባሳት ንድፍ ባለሙያ ሂንድ አልሒናዊ፣ ከተዋናዩ አሕመድ አልፊሻዊ ጋር በዑርፊ፣ ማለትም በማይመዘገብ የወረቀት ጋብቻ፣ ተጋብተናል አለች። ውሉ በሁለት ቅጂ ተጽፎ እንደነበር፣ ሁለቱንም ቅጂ እሱ እንደወሰደው ተናገረች። እሱ ግንኙነት እንደነበራቸው አልካደም። ጋብቻ ግን አልነበረም አለ፤ አባትነቱንም አልቀበልም አለ።

ሕፃኗ የተወለደችው በ2004 መገባደጃ ላይ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራትም፤ ወረቀቱ ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ያንን የሚሞላ ሰው ጠፋ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በስም ዙሪያ ቢሆንም የልጅቷን ስም እኔ እዚህ አልጽፈውም። በዚያን ጊዜ በየቴሌቪዥኑ ሲነሣ ሲጣል የከረመው ይበቃታል።

ስለ ግብፃዊ አባት ሲወራ ቀድሞ ከተፍ የሚለው «ሲ ሰይድ» ነው። ከአንድ ስመ ጥር ልብ ወለድ ወጥቶ የዕለት ተዕለት ቃል የሆነ ስም ነው፤ በቤቱ ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ሁሉም ጸጥ የሚልለት፣ ማታ ማታ ግን ውጭ ከወዳጆቹ ጋር የሚዝናና፣ ሚስቱ ቆማ የምትጠብቀው አባወራ። ግብፃውያን ራሳቸው ይስቁበታል፣ ሲያሻቸውም ይኮሩበታል። እኔን ግን ይህ ሥዕል ይሰለቸኛል። ሲ ሰይድ አባትነት ምን ሲያደርግ እንደሚውል ይነግረን ይሆናል፤ አንድ ሰው አባት የሚሆነው በምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ያንን ጥያቄ በአደባባይ፣ በጋዜጣ፣ በቡና ቤትና በችሎት እየደጋገመ ያስነሣው የሂንድና የአሕመድ ጉዳይ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆይቷል።

ነገሩን ለመረዳት ከስሙ መጀመር ይሻላል። ግብፃዊ በመታወቂያው ላይ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ብዙ ጊዜም የቅድመ አያቱን ስም ደርድሮ ይይዛል። አራት ስም ማለት ነው፤ ሁሉም በወንድ በኩል የወረደ። ወንዱ ሲወልድ ደግሞ ስሙ ይለወጣል፤ ሰፈሩ «አቡ መሐመድ»፣ «አቡ ከሪም» እያለ በልጁ ስም ይጠራዋል። አባት ልጁን ይሰይማል፣ ልጁም መልሶ አባቱን ይሰይመዋል። የእናት ስም ግን በተቃራኒው የሚደበቅ ነገር ሆኖ ኖሯል። በብዙ ሰፈሮች ልጅ የእናቱን ስም በጓደኞቹ ፊት መጥራት ያፍራል፤ በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ተቋም በግብፅ የእናቶች ቀን ሰሞን ለእናቶች ስማቸውን እንመልስላቸው የሚል ዘመቻ እስከማካሄድ ደርሷል። እኛም በአባታችን ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን ይህ አይከብደንም። የሚከብደን የስሙን ክብደት መገመት ነው፤ በግብፅ ከዚያ ስም ጋር ውርሱም፣ ቀለቡም፣ የትምህርት ቤት ምዝገባውም አብሮ ይመጣል።

ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን «ሰቡዕ» ይደረጋል። ሕፃኑ በወንፊት ላይ ይተኛል፤ አንዲት ሴት ሙቀጫውን በዘነዘናው እየደበደበች የእናትህን ቃል ስማ፣ የአባትህን አትስማ ትለዋለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ቀልድ ነው። ቀልዱ የሚያስቀውም ቃሉ የሚሰማው የማን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በጆሮው አዛን የሚያሰማውም አብዛኛውን ጊዜ አባቱ ነው። ይህች ሕፃን የተወለደችው ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ነው።

ዑርፊ ምን እንደሆነ ካልተነገረ የሁለቱም ወገን ክርክር አይገባም። በግብፅ ሙስሊሞች ዘንድ ሕጋዊው ጋብቻ «ማእዙን» በሚባለው መዝጋቢ ፊት የሚፈጸም ነው። (ኮፕቶች በጋብቻና በፍቺ በራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ስለሚተዳደሩ ይህ ክርክር እነሱን በቀጥታ አይነካም።) ዑርፊ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት በተራ ወረቀት የሚፈረም፣ የማይመዘገብ ጋብቻ ነው። ብዙ ወጣቶች ወደ እሱ የሚሄዱበት ምክንያት አለ። ወግ ያለው ጋብቻ አፓርታማ ይጠይቃል፤ «ሸብካ» የሚባል የሙሽራ ወርቅ ይጠይቃል፤ ጥሎሽና የቤት ዕቃ ይጠይቃል፤ ዕቃውም «ቃይማ» በሚባል ዝርዝር ላይ ተጽፎ ባልየው ይፈርምበታል። ይህን ለማሟላት ወንዱ ለዓመታት ይለፋል፣ አባት መሆንም አብሮ ይዘገያል። በዑርፊ ግን አንድ ወረቀትና ሁለት ጓደኛ ይበቃል። ችግሩ ወረቀቱ የተቀደደ ዕለት ነው። ሴቲቱ ባል አለኝ ብትል የሚያምናት የለም፣ የለኝም ብትል ደግሞ ሆዷ ይመሰክርባታል።

ሂንድና አሕመድ የተገናኙት በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሥራ ላይ ነው። እሱ ገና ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያልደረሰ፣ የታወቁ ተዋንያን ልጅ ነበር፤ አባቱ ፋሩቅ አልፊሻዊ፣ እናቱ ሱመያ አልአልፊ ናቸው። ለወጣቶች በተዘጋጀ ሃይማኖታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይም ይታይ ስለነበር ወሬው ሲወጣ ሕዝቡን ይበልጥ አስደነገጠ። እሷ እርግዝናዋን እንድታስወርድ የቀረበላትን ሐሳብ እንዳልተቀበለች ተናግራለች። በዚያ ዓይነት ችግር ውስጥ ያለች ሴት በካይሮ የምትሄድባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፦ በድብቅ ማስወረድ፣ ከከተማ ርቆ መውለድ፣ በጥድፊያ ለሌላ ሰው መዳር። ሁሉም መድረሻቸው ገመናን መሸፈን ነው። ግብፃውያን «ሲትር» ይሉታል፤ እኛ ገመና ስንል የምንሸፍነውን ያንኑ ነገር ማለት ነው። ሂንድ አልሸፈነችም። ክስ መሠረተች፣ ስሟንና ፊቷን ይዛ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበች።

ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ተከሳሹም ከሳሿም ጋ አይደለም። የሂንድ አባት ሐምዲ አልሒናዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር፣ እናቷ ሳልዋ አብደልባቂ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናቸው። በግብፅ የቤተሰብ ክብር በሴት ልጅ ላይ እንደሚመዘን፣ አባትም የዚያ ክብር ጠባቂ እንደሆነ ማንም አይክደውም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርስበት ከአባት የሚጠበቀው ወይ መቆጣት ወይ መደበቅ ነው። ሐምዲ ሁለቱንም አላደረጉም። ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ለአገር ውስጥም ለውጭም ጋዜጠኞች ተናገሩ፤ ልጃቸው እንዳልተደበቀችና የያዘችው መንገድ ትክክል እንደሆነ፣ ሰውየው ውሎ አድሮ ለሕፃኗ ስሙን መስጠት እንደማይቀርለት፣ ቅሌት የሚባለው ነገርም ከእንግዲህ እንደማያስፈራቸው። አንዳንዱ አደነቃቸው፤ ሌላው ልጅ ማሳደግ ያልቻለ ብሎ ነቀፋቸው። የሚነቅፏቸው ሰዎች ክርክር ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ «ያቺ የክሱ ልጅ» ተብላ ልትጠራ ነው የሚል ሥጋት ነበረበት። ሥጋቱ እውነት ነው። ሐምዲ ግን ከሁለት ክፉ ነገሮች፣ ከሚወራባትና ከሌለች ልጅ፣ የሚወራባትን መረጡ። የአባት ክብር ጠባቂነት የሚሉት ነገር በእኚህ ሰው እጅ ተገልብጦ አየሁት፤ ክብር ማለት ልጅን መሸሸግ ሳይሆን ከልጅ ጋር አብሮ መታየት ሆነ።

ወደ ሕጉ እንመለስ። የግብፅ ሕግ በቤተሰብ ጉዳይ በእስልምና ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ የልጅና የአባት ትስስር «ነሰብ» ይባላል፣ ነሰብ ደግሞ ከደም በላይ ከጋብቻ ጋር የተጋመደ ነው። «ልጅ ለመኝታው ነው» የሚለው ሐዲስ የዚህ ሁሉ ሥር ነው፦ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው። ይህ አባባል ለብዙ ሕፃናት ጋሻ ሆኗል፤ ባል በጥርጣሬ ብቻ ተነሥቶ ልጁን እንዳይክድ ያግዳልና። በሌላው ጎኑ ግን አጥር ነው። ጋብቻ ከሌለ ነሰብ የለም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የሚጠራው በእናቱ ብቻ ነው። በእኛ አገር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሕግ የታወቀ ትስስር ሳይኖራቸው በቀጣይነት አብረው ከነበሩ ፍርድ ቤት አባትነቱን ሊያውጅ ይችላል። በካይሮ ግን መጀመሪያ ጋብቻ መኖሩ መታወቅ አለበት፤ ልጅቷ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ደሟ የማን ነው?» የሚል አልነበረም። ያንን ላብራቶሪ በጥቂት ቀን ይመልሰዋል። አሕመድ ግን ለዲኤንኤ ምርመራ ፈቃደኛ አልሆነም፣ ሕጉም አላስገደደው። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት አቋም ምርመራው ጋብቻ ባለበት ክርክር ሊረዳ ይችላል፣ ጋብቻ በሌለበት ግን ነሰብ አይፈጥርም የሚል ነው። ነገሩ ለውጭ ሰው ይገርማል። ልጅ በሕግ ፊት አባት አልባ ሆና፣ አባቷ ግን ማን እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበር። የግብፅ ፍርድ ቤቶች ያልተመዘገበ ጋብቻን መሠረት አድርጎ የሚመጣን ክስ፣ ተከሳሹ ጋብቻውን ከካደ፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አያዩም። በኋላ በ2000 በወጣው ሕግ ለፍቺ በር ተከፈተለት። የነሰብ ክስ ግን ከክልከላው ውጭ ሆኖ ነው የኖረው፤ ወረቀት ባይኖርም ጋብቻው በሰው ምስክር ሊረጋገጥ ይችላል፣ ጋብቻው ከተረጋገጠ ልጅ ነሰብ ታገኛለች። የሂንድ ጠበቆች የገቡት በዚህ ነው። ጊዜውም ገጠመ። በ2004 የወጣው ሕግ ቁጥር 10 የቤተሰብ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። እሷም ብቻዋን አልነበረችም፤ የዘመኑ ዘገባዎች በግብፅ ፍርድ ቤቶች የተከመሩት የአባትነት ክሶች ከ10,000 በላይ እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም ከዑርፊ የመነጩ እንደሆኑ ይጽፉ ነበር። ልዩነቱ የሌሎቹ ሴቶች ስም አለመታወቁ ነው።

በጥር 2006 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥያቄዋን ውድቅ አደረገ። ይግባኝ ተባለ። ግንቦት 2006፣ በእነሱ አቆጣጠር በሜይ 24 ቀን፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ያንን ውሳኔ ሽሮ የሕፃኗ አባት አሕመድ አልፊሻዊ መሆኑን አወጀ። የላብራቶሪ ውጤት አልነበረም፣ የጋብቻ ወረቀት አልነበረም። ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ስም አገኘች።

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ሴቲቱ አሸነፈች ብለው። እኔ ግን ፍርዱ ምን ሰጠ፣ ምን አልሰጠም ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ። የሰጠው ስም ነው፤ ከስሙ ጋር ውርስና «ነፈቃ»፣ ማለትም ቀለብ። የግብፅ ሕግ ከአባት የሚጠይቀው በዋናነት እነዚህን ነው። በእርግጥ ብዙ ግብፃውያን ወንዶች ራሳቸውም አባትነታቸውን የሚለኩት በዚሁ ሚዛን ነው፦ ልጆቼ ጎድሎባቸዋል ወይስ አልጎደለባቸውም? ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ እጅግ ብዙ ወንዶች ወደ ባሕረ ሰላጤው፣ ወደ ኢራቅና ወደ ሊቢያ ሲሄዱ ልጆቻቸው አባትን ያወቁት በሐዋላ፣ በስጦታ ሻንጣና ድምፁን ቀድቶ በሚልከው ካሴት ነበር። ከእኛ አገር ወደዚያው በብዛት የሚሄዱት ሴቶች ስለሆኑ በእኛ ቤቶች የጎደለው እናት ነው፤ የግብፁ ትውልድ ግን አባቱ እየሠራ የጎደለበት ነው። እነዚያ ልጆች አባታቸውን አይከሱም። አብዛኞቹ ስለ እኛ ብሎ ተቃጠለ ይላሉ፤ እውነትም ነው። ግን የአባት ትርጉም ከቤት ርቆም የሚፈጸም ነገር እየሆነ ሄደ።

ከሚስቶቻቸው የተለያዩ አባቶች የሚደርስባቸውን ማየት ደግሞ የሕጉን ሌላ ጫፍ ያሳያል። በ2005 ከወጣ ሕግ ወዲህ ልጅ እስከ 15 ዓመቱ በእናቱ ዘንድ ይቆያል። የማያሳድገው ወላጅ፣ ብዙ ጊዜ አባት፣ ያለው መብት «ሩእያ» ይባላል፤ ቃሉ ማየት ማለት ነው። በ2000 የወጣው የፍትሕ ሚኒስትር ውሳኔ ቁጥር 1087 ጊዜውን በሳምንት ከሦስት ሰዓት እንዳያንስ አድርጎ፣ ቦታውን እንደ ስፖርት ክበብ፣ የወጣቶች ማዕከል ወይም የሕዝብ መናፈሻ ዓይነት ስፍራ አድርጎ ደነገገ። በተግባር ያው ዝቅተኛው ሦስት ሰዓት መደበኛው ሆነ። በየሳምንቱ አርብ ቀን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጁን በሰው ፊት የሚያይ አባት በካይሮ ብርቅ አይደለም። ልጁ ይሰለቻል፣ አባት በሦስት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚያወራ ይጠፋዋል፣ እናት በሩቅ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እነዚህ ወንዶች ተደራጅተው ተቃውሞ አሰምተዋል፤ ልጃችን ቤታችን ይደር የሚል ጥያቄ። ቀለብ የማይከፍሉትን አባቶች የሚያነሡ እናቶች ደግሞ መልስ አላቸው፣ መልሳቸውም ከባድ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱም ክርክር ያው ሕግ የወለደው መሆኑ ነው። ሕጉ አባትን ስምና ገንዘብ አድርጎ ስላሰበው፣ ልጁን ልቀፈው የሚል አባት ሲመጣ የሚያስቀምጥበት ክፍል የለውም።

በአልፊሻዊ ጉዳይም የሆነው ከዚህ አይርቅም። ከፍርዱ በኋላ በወጪና በቀለብ ላይ ክርክሮች ቀጥለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አባትና ልጅ አብረው በአደባባይ ታይተዋል። ዳኛ ይህን ማዘዝ አይችልም ነበር፤ በመካከል ያለው መንገድ የሁለቱ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ገብቼ አልፈተፍትም።

ሦስተኛው አባት ፋሩቅ አልፊሻዊ ናቸው። ጋዜጦቹ ልጁን ሲያሳድዱ እሳቸውን እንደ ጌጥ ብቻ ነው የጠቀሷቸው፤ ነገር ግን ሲፈለግ የነበረው ስም የእሳቸውም ነው። አሕመድ ለልጅቷ የሚሰጣት ስም ከራሱ ስም ወደ ላይ በአባቱ በኩል የሚያልፍ ነው። ነሰብን መካድ የራስን ፊርማ መከልከል ብቻ ሳይሆን አያትንም መከልከል ነው፤ ነሰብን መቀበልም እንዲሁ በአያት ስም መፈረም ነው። አንድ ወጣት በሃያ አራት ዓመቱ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቃል እንዲወስንለት መጠየቁ ለፍርሃቱ ሰበብ አይሆነውም፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን ያስረዳል። ፋሩቅ በ2018 በእስክንድርያ የፊልም ፌስቲቫል መድረክ ላይ ካንሰር እንደያዛቸው በግልጽ ተናገሩ፤ በሐምሌ 2019 አረፉ። የዚያ ቤት ሰዎች መደበቅን ብዙም አልቻሉበትም፤ ወይም አልተፈቀደላቸውም።

በ2017 በግብፅ፣ በሊባኖስ፣ በሞሮኮና በፍልስጤም ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች የተጠየቁበት አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ከግኝቶቹ አንዱን ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፦ አባቱ የቤት ሥራ ሲሠራ እያየ ያደገ ወንድ ራሱም ያንን የማድረግ ዕድሉ ይሰፋል። አባትነት ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከአባት ይቀዳል ማለት ነው። ሐምዲ አልሒናዊ ያንን አደባባይ የመውጣት ድፍረት ከማን እንደቀዱት ማንም አልጠየቃቸውም፤ ጋዜጠኞቹ የጠየቁት አፍረው እንደሆነ ነበር።

ከፍርዱ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የግብፅ የሕፃናት ሕግ በሕግ ቁጥር 126 ተሻሻለ። ልጅ ነሰቡን በሕጋዊ ሳይንሳዊ መንገዶች የማረጋገጥ መብት አለው የሚል ዐረፍተ ነገር ገባበት፤ እናትም ልጇን በራሷ ስም አስመዝግባ የልደት ወረቀት እንድታወጣ ተፈቀደላት። ማሻሻያውን ያመጣው የሂንድ ክስ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፣ ክርክሩ ግን የማንንም ጆሮ ሳይነካ አላለፈም። የተሰጠው ነገር ደግሞ ገደብ አለው። በእናት ስም የወጣው ወረቀት መወለድን እንጂ ሌላ ነገርን አያረጋግጥም፤ የአባት ስም ያላገኘ ልጅ ውርስና ቀለብ ሲጠይቅ ያንን ወረቀት ይዞ ተመልሶ ወደዚያው ችሎት ይሄዳል።

የዚያች ሕፃን ወረቀት ግን ሞልቷል። የአባት ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ አሕመድ፣ ቀጥሎ ፋሩቅ፣ ቀጥሎ ከዚያ በላይ ያሉት ወንዶች ተሰልፈዋል። በሐፍረት ቀን ደጁን ከፍቶ የጠበቃት አያት ስም ያለው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የእናት ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ ከሂንድ ስም ቀጥሎ ነው።